ከባድመ የመጣ አደራ

ዓርብ መስከረም 22 ቀን 1996 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በዋንዛ አምባ ለዘማቹ ለይታገሱ ክንዱ ተዝካር ዳስ ሲጣል፣ ለዚሁ ተዝካር ከሩቅ የመጣው እንግዳ ገዳም በተባለው ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መጀመሪያ ያዩት የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። እንግዳው ከግንዱ መሻገሪያ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ገላውን ውሃው እየገፋ ያወዛውዘዋል፤ ቀኝ እጁ ብቻ ከውሃው ወጥቶ፣ መዳፉ ወደ ታች፣ ቋጥኝ ላይ ተዘርግቷል።

ወሬው ቡሬ ደርሶ፣ ከቡሬ በስልክ ፍኖተ ሰላም ሲገባ እኩለ ቀን ሆነ። የዞኑ ፖሊስ መርማሪ ሳጅን አምለሰት ከኮንስታብል ሀይሉ ጋር እስከ መኪናው መንገድ ጫፍ በፒካፕ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግር ተጉዛ ወንዙ ዳር ስትደርስ ሕዝቡ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። የተነሣላት ሰው የለም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ተስፋው ብቻ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ፊት መጣ። ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ፍኖተ ሰላም ወንድ አልቆ ነው?»

«አላለቀም» አለች አምለሰት። «ወንዶቹ ሲሄዱ ወሬ ይዘው ይመለሳሉ፤ ነገሩን ይዛ ትምጣ ብለው እኔን ላኩኝ።»

«ምን ነገር አለው? አንካሳ ነው፤ አዳለጠው፤ ወደቀ። ይቀበርና እኛም ተዝካራችንን እናውጣ።»

አምለሰት መልስ ሳትሰጠው አልፋ ሄደች። አርባ ዓመቷ ነው፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ሰው ሲሰድባትም ቶሎ አትመልስም። አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ፣ የተቆጣ ሰው ዝም ከተባለ ሳይጠየቅ እንደሚናገር ተምራለች።

ከመንደሩ ወደ ሚካኤል መሻገሪያው አንድ የዝግባ ግንድ ነው። ላዩ ተጠርቦ አንድ እግር የሚያሳርፍ ስፋት ብቻ አለው። በመንደሩ በኩል ባለው ዳርቻ፣ ብሳና ቅርንጫፍ ላይ፣ የሟቹ ክራንች ተንጠልጥሏል።

«ይህን ማን ሰቀለው?»

«እኛ አልነካነውም» አሉ ቄሱ። «እኔ ስደርስም እዚያው ነበር።»

አምለሰት ወደ ሀይሉ ዞረች። «አንድ እግርህ ባይሠራ ይህን ግንድ እንዴት ትሻገረዋለህ?»

«አልሻገረውም።»

«ግድ ቢሆንብህስ?»

ሀይሉ ግንዱን በዓይኑ ለካው። «ለክራንች ቦታ የለውም። የሰው ትከሻ ይዤ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ አስከሬኑን አስወጣች። አንገቱ ተሰብሯል። የቀኝ እጁን መዳፍ ገልብጣ ስታየው ከጣቶቹ ሥር እስከ አንጓው ጠቁሯል። በአውራ ጣቷ ፈተገችው፤ ጭቃ አልነበረም፤ አልለቀቀም። ከወታደር ካፖርቱ የደረት ኪስ በክር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ላስቲክ አወጣች። ክሩን ስትፈታው ውስጡ ሦስት አራት የውሃ ጠብታ አገኘች። ከደብተር የተቀደደ፣ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ሉክ ነበር፤ ጠርዙ ርሷል። ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው እንጂ ለማንም ምንም አላለችም።

አስከሬኑ በቃሬዛ ወደ ፒካፑ፣ ከዚያም ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሄደ። የእንግዳውን፣ የታከለን፣ ዘመዶች ከደምበጫ ገጠር እንዲያመጡ መልእክት ተላከ። አምለሰት ወደ ይታገሱ አባት፣ ወደ አቶ ክንዱ ቤት ወጣች።

አቶ ክንዱ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ስለነበሩ ዳዊት ከእጃቸው አይለይም። በሩ ላይ ቆመው አላስገባም አሏት።

«ተዝካሬን አታፈርሺብኝም።»

«ለማፍረስ አልመጣሁም፣ አባቴ።»

«ልጄ የወደቀበትን አገር አላየሁም። አፈር አላለበስኩትም። ሞቶ አራት ዓመት ከመንፈቅ አልፎት፣ ፍልሰታ በተፈታ በአራተኛው ቀን አንድ ወረቀት አምጥተው አረዱኝ። ያለኝ ይህ ዳስ ብቻ ነው። እሑድ ተዝካር አለኝ።»

«እሑድ ይውጣ። እኔም እሑድ ሥራዬን እጨርሳለሁ። እስከዚያ ግን ከቤቱ ሰው ጋር አንድ በአንድ ያገናኙኝ።»

ሽማግሌው ከበሩ ዘወር አሉላት። ጓሮ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሐሙሱን ነገር ነገሯት።

ታከለ የመጣው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ይታገሱና እሱ በአንድ ምሽግ ነበሩ። የካቲት 1991 ባድመ ላይ ይታገሱ የሞተው በእሱ ክንድ ላይ ነው፤ እሱም በዚያው ቀን ግራ እግሩን ተመታ። «ሞቱን ከመንግሥት ቀድሜ ልናገር አልደፈርኩም፤ መርዶው መድረሱን ስሰማ መጣሁ» አላቸው። እናትየው ደረታቸውን ደቁ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ሲረጋጉ ሰውዬው ደረቱን ነካ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ይታገሱ ስለ ዕጣው የጻፈው ቃል አለ። ‹ሁሉም ባሉበት ይነበብ› ብሎ አደራ ብሎኛል። እሑድ ዳሱ ውስጥ አነበዋለሁ።»

«ምን ዕጣ ነው?» አለች አምለሰት።

«በ1990 ክረምት ቀበሌው ዘማች አምጡ ሲባል ሁለት ጎረምሳ ካለበት ቤት አንድ ይሂድ ተባለ። በይታገሱና በወንድሙ በወንዳወቅ መካከል ዕጣ ተጣለ። በይታገሱ ወጣ። አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ሚስቱን ካገባ ገና ሰባት ወሩ።»

«ታከለ ይህን ሲናገር ማን ማን ሰማ?»

«እኔ፣ እናቱ፣ ወንድሙ፣ ሚስቱ፣ ሊቀ መንበሩ።»

«ዛሬ ጧትስ?»

«ቁርሱን በልቶ ለቄሱ ስለ ንባቡ ልንገራቸው ብሎ በሦስት ሰዓት ግድም ወጣ። እኔ ከላይ መንደር ወንበር ላስመጣ ሄድኩ። ወዲያው ያ ዶፍ ወረደ።»

ሀይሉ የጻፈውን ቃል አነበበላቸው። አቶ ክንዱ እንደ ብራና ጸሐፊ ፊደላቸውን እየለቀሙ ስማቸውን ጻፉ።

ወንዳወቅ ሲጠራ ምንሽሩን በትከሻው እንዳነገተ መጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን ነው፤ በየመካከሉ ያስለዋል።

«ሐሙስ በታከለ ላይ ጮኸህበታል ይባላል።»

«ጮኼበታለሁ። ‹አንተ እንዴት ተመለስህ? እሱን ጥለህ ነው የመጣኸው› አልኩት። ይህ ወንጀል ነው?»

«ምን መለሰልህ?»

«‹አዎ፣ ጥዬው ነው› አለኝ። ዝም ብሎ እንደዚያ አለኝ።» ወንዳወቅ ፊቱን አዞረ። «ጧት ዋርካው ሥር ለዳሱ ወጋግራ ስቆርጥ ነበር። ብቻዬን። ምስክር የለኝም፤ አሰሪኝ።»

«ስለ ዕጣው የሰማኸው ነገር አለ?»

«ዕጣ ዕጣ ነው፤ በሱ ወጣ።»

«ሰው እጁን አስገብቶበት ቢሆንስ?»

የወንዳወቅ እጅ ወደ ጠመንጃው ማንገቻ ሄደ። «እንዲህ ያደረገ ሰው ካለ ስሙን ንገሪኝና ሂጂ። ሌላው የኔ ነው።»

አምለሰት ስም አልነገረችውም። ወረቀቱን ገፋችለት፤ እየተበሳጨ ስሙን ሞንጨር አድርጎ ፈረመ።

ተስፋው በቆመበት መልስ ሰጠ።

«ዕጣውን ከቆብ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሕዝብ ፊት። ታዲያ ምን ይሁን?»

«ከይታገሱ ጋር ቂም ነበራችሁ?»

«ማን አለሽ? ያቺ ሚስቱ ናት! በ89ኙ የመሬት ድልደላ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ‹ሊቀ መንበሩ ለባለቤት አልባ መሬት አዛኝ ነው፤ ሁሉንም በጉያው ያሳድገዋል› ብሎ ሕዝቡን አሳቀብኝ። ምላሱ ቅኔ ነበር። ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር።»

«ታከለንስ እንዴት ተቀበሉት?»

«ወረቀት ጠየቅሁት። ቁስለኛ ነኝ እያለ በየደጁ የሚያታልል በዝቷል። ከደረት ኪሱ፣ ከላስቲክ ውስጥ፣ ሐምራዊ ማህተም ያለበት የሆስፒታል ማሰናበቻ አወጣ። አነበብኩ፤ መለስኩለት።»

«ይህን ሁሉም ያይ ነበር?»

«መሬት ተደፍታ ከምታለቅሰው እናቱ በቀር ዓይን ያለው ሁሉ ያይ ነበር። ላስቲኩ ውስጥ ሌላም ወረቀት ነበረ፤ እሱን አላሳየኝም። ዛሬ ጧት ደግሞ የልማት ጣቢያ ነበርኩ። ጠይቂ።»

ጠየቀች። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ ነበር የሚሉም፣ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው የመጣው የሚሉም ተገኙ። አብዛኞቹ ግን ገና ስታያቸው በራቸውን ዘጉባት።

ህይወት፣ የይታገሱ ሚስት፣ ጥቁር የተነከረ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ሙቀጫው አጠገብ ቆማ ነበር። ዘነዘናውን ሳታስቀምጥ ተናገረች።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው? ጠርጥሪ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያልተጠረጠርኩበት ቀን የለም።»

«ለምን?»

«ባሌ ሲዘምት ‹ገፊ ናት፤ ባል አይበረክትላትም› አሉኝ። አራት ዓመት ‹ይመጣል› እያሉ አስቀመጡኝ። አሁን ሞቷል፤ አሁንም ‹የሟች ሚስት የት ትሄዳለች› ይላሉ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ከትምህርት ቤት አውጥተው ለዚህ ቤት ዳሩኝ፤ እሱ ግን ማታ ማታ ‹ያቆምሽበትን ቀጥዪ› ብሎ መጽሐፍ ያስነብበኝ ነበር። ያ ሰውዬ ብቻ ነው ከመጣ በኋላ ‹አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ› ያለኝ።»

«ዛሬ ጧት አየሽው?»

«እጁን አስታጥቤ ቁርሱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።»

«እጁ ንጹሕ ነበር?»

ህይወት በጥያቄው ተገረመች። «እንደ ቄስ እጅ። በሳሙና ነው የታጠበው። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ሄደ። አባባ ወደ ላይ መንደር፣ ወንዳወቅ ወደ እንጨቱ፣ እማማ ጌሾ ሊዋሱ ጎረቤት። እኔ ከዚህ ሙቀጫ አልተነቃነቅሁም።» ስሟን ጥርት ባለ ፊደል ጻፈች።

በመጨረሻ የይታገሱ እናት፣ ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ገቡ። አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው በለቅሶ የነጠፈ ሴት ናቸው። እሳቸውም ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር የተነከረ ለብሰዋል። ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«እሷ ናት። ያቺ! ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ ዓይኗ ከሱ ላይ አልተነቀለም። እምቢ ሲላት ገፋችው።»

«ሲገፋ አይተዋል፣ እናቴ?»

«እናት ያላየችው ይሰማታል።»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ጌሾ ልዋስ ጎረቤት ሄጄ። ዝናቡ እዚያው ቤት አገኘኝ።» ከጉያቸው የመርዶውን ወረቀት አወጡና ከታች ያለውን ክብ ማህተም ሳሙት። «ይኸው፣ ልጄን የያዘችው ይህች ናት ይሉኛል። ከጦር ሜዳ የመጣ ነገር ሁሉ ይህችን ይዞ ነው የሚመጣ።»

አምለሰት ወረቀቱን አየችው፤ ሴትዮዋንም አየቻቸው። ከዚያ ሀይሉ የቀለሙን ሰሌዳ አመጣ፤ ወይዘሮ እማዋይሽ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ቅዳሜ ጧት አምለሰት ጎረቤትየዋን አነጋገረች። ጎረቤትየዋ በአጥሯ በኩል እንጂ ወደ ቤቷ አላስገባቻትም።

«ጌሾ ወስዳለች፤ አዎ።»

«መቼ?»

«ዝናቡ ካባራ በኋላ ነዋ። ርሳ ስለነበር ‹ግቢ ሙቂ› አልኳት። ነጠላዋ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበ አዲስ የለቀለቅሁትን መደብ አበላሸብኝ። ያ የገበያ ቀለም እንዲህ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ እጅ ላይ ካረፈ በኋላ ግን አይለቅም።»

«ህይወትስ በዚያን ሰዓት?»

«የሷ ዘነዘና እንኳን ለኔ ለሚካኤልም ይሰማል። ከቁርስ እስከ ዝናቡ ማብቂያ አላረፈችም።»

ከዚያ አምለሰት ወደ ሚካኤል ወርዳ ቄሱን አንድ ነገር ለመነቻቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ዳሱ በር ላይ ቆመው፣ «ለነፍስ በሚጸለይበት ቦታ መሣሪያ አይገባም» ብለው የወንዶቹን ጠመንጃ ሁሉ ሰብስበው ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስቆለፉበት። ወንዳወቅ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ሰጠ።

ፍትሐቱ አለቀ። እንጀራው ሳይቀርብ አምለሰት ከዳሱ መካከል ቆመች።

«ቁጭ በይ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «የሰው ተዝካር ነው!»

«ትናገር» አሉ አቶ ክንዱ። «ተናግራ ትሂድልን።»

«ታከለን አላዳለጠውም» አለች አምለሰት። «ክራንቹ ከዚህ በኩል ብሳናው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ያለ ክራንች ግንዱ ላይ የወጣው የሚደገፍበት ትከሻ ስላገኘ ነው። በዚያ ትከሻ ያለ ስጋት ተደግፏል። ሐሙስ ዕለት ‹ጥለኸው መጣህ› ብሎ የጮኸበትን ሰው ትከሻ፣ ወረቀት አምጣ ብሎ እንደ ሌባ የመረመረውንም ሰው ትከሻ፣ እንዲህ አምኖ አይይዝም።»

አምለሰት ፊቷን ወደ ቤተሰቡ አዞረች።

«ሁለተኛ፤ ቁርስ ላይ በሳሙና የታጠበው እጁ ሲሞት መዳፉ ጠቁሮ ነበር። ዝናብ የነካው የሐዘን ልብስ ላይ ያረፈ እጅ ነው። ሐሙስ ታከለ ስለ ዕጣው ሲናገር ከሰሙት ከአምስቱ ጥቁር የተነከረ የለበሱ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ህይወት ዞረ። ከሴቶቹ አንዷ ወደ እግሯ ምራቋን ተፋች። ህይወት አልተንቀሳቀሰችም።

«ቆዩ» አለች አምለሰት። «ሦስተኛ፤ የሟቹ ላስቲክ ከላይ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ ውስጡ ግን ውሃ ነበረበት። ከወደቀ በኋላ ሰው በረጠበ እጁ ፈቶት መልሶ አስሮታል። ሁለት ወረቀት ነበረው። አንዱ ተወስዷል። የተወሰደው ማህተም ያለበት፣ የራሱ የታከለ የሆስፒታል ማሰናበቻ ነው። የይታገሱ ደብዳቤ ቀርቷል። እኔ ዘንድ ነው።»

አቶ ክንዱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የልጄ ደብዳቤ አለ? ሁለት ቀን ሙሉ ደበቅሽኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ። ገዳዩ የፈለገው ይህን ደብዳቤ ነበር፤ የወሰደው ግን ያንን ነው። እንዲህ የሚሳሳተው ማንበብ የማይችል ሰው ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ ማሰናበቻውን ሐሙስ በራሱ ዓይን አንብቦታል። እርስዎ ዳዊት ይደግማሉ። ወንዳወቅና ህይወት ስማቸውን ጽፈው ፈርመውልኛል። በጣት የፈረመ አንድ ሰው ነው። ዝናቡ እቤት አገኘኝ ያለ፣ ጎረቤት ግን ርሶ ሲገባ ያየው ሰውም እሱ ነው። ለዚያ ሰው ከጦር ሜዳ የመጣ ቃል ማለት ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት ነው።»

ወይዘሮ እማዋይሽ መሬት መሬት ያያሉ።

አምለሰት ቀርባ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ወረቀቱ አሁንም ከእርስዎ ጋር ነው። አላቃጠሉትም። ልጄ የጻፈው ነው ብለው ያመኑትን አያቃጥሉም።»

ሴትዮዋ መቀነታቸውን ፈትተው አራት ታጥፎ የደበዘዘ ወረቀት አወጡ፤ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«የልጄ እጅ ነው» አሉ። «አትንጠቂኝ።»

ህይወት ተነሥታ መጣች። ወረቀቱን ሳትወስድ፣ ጎንበስ ብላ፣ እሳቸው እንደያዙት አነበበችው። «‹ወታደር ታከለ። የግራ እግር አጥንት ጉዳት። ለውትድርና አገልግሎት ብቁ ያልሆነ።›» ድምጿ ጠነከረ። «እማማ፣ ይህ የሱ አይደለም። አንድም የይታገሱ ፊደል የለበትም።»

ወይዘሮ እማዋይሽ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ዕጣው የወጣው በወንዳወቅ ነበር» አሉ። «በሕዝብ ፊት ከመጣሉ በፊት፣ በዋዜማው ተስፋው ለብቻው ጥሎት ኖሮ በሹክሹክታ ነገረኝ። ልጄ ሳንባውን ያመዋል፤ በመንገድ ይሞትብኛል አልኩ። ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ያን ምላሰኛውን ከሰጠሽኝ እለውጠዋለሁ› አለኝ። ይታገሱ ጠንካራ ነው፤ ይመለሳል ብዬ እሺ አልኩ። በአንደበቴ እሺ አልኩ።»

«ውሸቷን ነው!» አለ ተስፋው።

«ሐሙስ ሰውዬው ‹ስለ ዕጣው› ሲል ገባኝ። ወንዳወቅ ከሰማ ተስፋውን ይገድላል፤ የተስፋው ወንድሞች ወንዳወቅን ይገድላሉ። አንዱን ሰጥቻለሁ፤ የቀረኝን ልስጥ? ግንዱ ጋ ደርሼበት ላሻግርህ አልኩት። ክራንቹን ተቀብዬ ሰቀልኩለት። መካከል ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀመረ። ሳልሰማው ገፋሁት።»

አምለሰት የእርሳሱን ደብዳቤ ለአቶ ክንዱ ሰጠች። ሽማግሌው ዳዊት በሚያነቡበት ድምፅ አነበቡት።

«‹እናቴ ሆይ፣ ዕጣው የወንዳወቅ እንደነበር አውቃለሁ። ከተስፋው ቤት ስትወጪ ዋርካው ሥር ቆሜ አይቼሻለሁ። ታለቅሺ ነበር። አንቺ ባትሄጂም እኔ ስለሱ እሄድ ነበር፤ ወንዳወቅ በዚህ ብርድ ሦስት ቀን አይቆይም። ከሞትኩ፣ እኔ ገደልኩት ብለሽ እንዳትኖሪ። ወንዳወቅ ሆይ፣ በኔ ደም ሌላ ደም አትቀባ። ይህ ሁሉም ባሉበት ይነበብ፤ ተደብቆ ከተነገረ ቂም ይሆናል። ህይወት ብታገባ ታግባ፤ መሬቷን አትንኩባት።›»

ወይዘሮ እማዋይሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ወንዳወቅ ግን በተስፋው ላይ ዘሎ ጉሮሮውን ያዘ። አምስት ሰው ተረባርቦ አላቀቀው። ሀይሉ ተስፋውን አሰረ፤ ሊቀ መንበሩ እየታሰረም «ዕጣ ነው! ዕጣ!» ይል ነበር። ወንዳወቅ እያሳለ ወደ እናቱ ዞረ።

«ማን ለምኖሽ? ለኔ ብለሽ ሁለት ሰው ገደልሽ። እኔ በምን ፊቴ ልኑር?»

እናትየው እጃቸውን ዘረጉለት። ጥሏቸው ወጣ።

አቶ ክንዱ ደብዳቤውን አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስገቡ። ሚስታቸውን አላዩም። «ምግቡ ይቅረብ» አሉ ለሕዝቡ። «ዛሬ ተዝካሩ የሁለት ልጆች ነው።» ሰዉ በላ፤ እርስ በርሱ ግን አልተነጋገረም።

ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አምለሰት ተስፋውን አስገብታ ስትመለስ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ ግቢው ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ነበር። በበሩ በኩል አንዲት አሮጊት ገቡ፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው። ወይዘሮ አደይ፣ የታከለ እናት ነበሩ። አስከሬኑን ሊረከቡ ከደምበጫ ገጠር መጥተዋል። ሌላ ሐዘንተኛ ሲያዩ አጠገባቸው ዝቅ አሉ።

«እርስዎም ልጅ ሞቶብዎት ነው?»

«አዎ።»

«የኔም ከጦርነት ተርፎ ውሃ በላው ብለውኛል። ‹የይታገሱን እናት ሳላይ ነፍሴ አታርፍም› እያለ አራት ዓመት እንቅልፍ አጣ። ያቺን ሴት ያውቋታል? አብረን እናልቅስ ብዬ ነው።»

አምለሰት አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «ልጅሽን ውሃ አልበላውም። ገፍቼ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ አደይ ፊታቸውን ወደሳቸው አዞሩ።

«ሲወድቅ ምን አለ?» አሉ።

«‹እማዬ› አለ።»

«ማንን ነው?» አሉ ወይዘሮ አደይ ተጠግተው። «አንቺን ነው እኔን?»

ወይዘሮ አደይ ከአጠገባቸው አልተነሡም፤ መልሱን እየጠበቁ ተቀመጡ።